ጁልየትን ማን ገደላት?

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን በየዓመቱ የማትቀር አንዲት የፈተና ጥያቄ ነበረችኝ። «ሮሚዮና ጁልየትን የገደላቸው ምንድን ነው?» የምትል። የምጠብቀው መልስም አንድ ነበር፤ የሁለቱ ቤተሰቦች ጥላቻ። እንዲያ ብሎ የጻፈ ማርኩን ይዞ ይሄዳል። አንድ ዓመት ታዲያ አንዲት ተማሪ «የገደሏቸው የሚወዷቸው ሰዎች ናቸው» ብላ ጻፈች። ከግማሽ በታች ሰጠኋት። ዛሬ ያ ወረቀት እጄ ቢገባ ማርኩን አስተካክዬ፣ ከይቅርታ ጋር እመልስላት ነበር።

ታሪኩን ከከበደ ሚካኤል ትርጉም ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ሼክስፒር ግን አልፈጠረውም። ሉዊጂ ዳ ፖርቶ የተባለ ጣሊያናዊ ቬሮና ከተማ ላይ አስቀመጠው፤ የአገሩ ሰው ማቴዎ ባንዴሎ እ.ኤ.አ. በ1554 አሳተመው፤ እንግሊዛዊው አርተር ብሩክ ደግሞ በ1562 በረጅም ግጥም አቀረበው። ብሩክ ገና መቅድሙ ላይ ይፈርዳል፤ የወላጅ ምክር ያልሰሙ ልጆች መጨረሻቸው ይኸው ነው ባይ ነው። ሼክስፒር ታሪኩን ወሰደና ፍርዱን ተወው። ብሩክ ዘንድ ወራት የፈጀውን ፍቅር ከእሑድ እስከ ሐሙስ ንጋት አጠበበው። አሥራ ስድስት ሊሞላት የተቃረበችውን ልጅም አሥራ አራት ያልሞላት አደረጋት። በጊዜው የእንግሊዝ ሕግ ሴት ልጅ በ12 ዓመቷ እንድታገባ ቢፈቅድም፣ አብዛኞቹ ሴቶች የሚያገቡት ከሃያ ዓመታቸው በኋላ ነበር። ስለዚህ ለለንደኑ ተመልካችም ቢሆን ጁልየት ሕፃን ናት።

እንግዲህ በዚች ሕፃን ዙሪያ ስንት ዓይነት ፍቅር አለ? እስቲ እንቁጠር።

ሮሚዮ መጀመሪያ የሚያለቅሰው ለጁልየት ሳይሆን ለሮዛሊን ነው። ሮዛሊን መድረኩ ላይ አንዲት ቃል አትናገርም። ልጁ የወደደው ማዘኑን ይመስላል። ፓሪስ ደግሞ ጨዋ ነው፤ አባቷን በወጉ ይጠይቃል፤ እሷን ግን አይጠይቃትም። ቢሆንም መቃብሯ ላይ አበባ ይዞ የመጣው እሱ ነው፤ እዚያው ሞቷል። መርኩሽዮ በፍቅር የሚያሾፍ፣ ለጓደኛው ግን ሰይፍ የሚመዝ ሰው ነው። ሮሚዮ ሊገላግል መሐል ሲገባ፣ የቲባልት ሰይፍ በክንዱ ሥር አልፎ መርኩሽዮን ወጋው። ሮሚዮም ለጓደኛው ካለው ፍቅር የተነሳ ቲባልትን ገደለ፤ ከከተማ ተባረረ። ያጋባቸው መነኩሴም ሮሚዮን እንደ ልጁ ይወደዋል፤ ነገር ግን የሁለት ቤተሰብ ዕርቅ በሁለት ሕፃናት ትከሻ ላይ ጫነ።

እኔን የምታሳዝነኝ ሞግዚቷ ናት። ሱዛን የምትባል የጁልየት እኩያ ልጅ ነበረቻት፤ ሞታባታለች። ጡቷን የጠባችላት ጁልየት ናት። ጡት ያስጣለችበትን ቀን ሳይቀር ታስታውሳለች፤ መሬት የተንቀጠቀጠበት ቀን ነው፤ እኛ አገር ሬት እንደሚቀባው መራራ ቅጠል ቀብታ። ሮሚዮ ዘንድ የተላከችውም እሷ ናት። ጭንቅ ሲመጣ ግን «ፓሪስን አግቢው» አለቻት። ከክፋት አይደለም፤ ልጅቷ በሕይወት እንድትኖርላት ነው። ጁልየት ከዚያ በኋላ ምስጢሯን አልነገረቻትም።

አባትየው ካፑሌትስ? ሌሎች ልጆቹን አፈር በልቷቸው እሷ ብቻ የቀረችው ሰው ነው። ፓሪስ መጀመሪያ ሲጠይቀው «ሁለት ክረምት ይለፍ፤ አንተም ልቧን አግኝ፤ እሷ ካልፈቀደች የእኔ ፈቃድ ምን ይሠራል?» የሚል መልስ ነበር የሰጠው። ደግ አባት! ቲባልት ሲሞት ግን ቤቱን ሐዘን ሞላው፤ ሰውየውም ልጁን በሠርግ ሊያስደስት ቸኮለ። ሰኞ ማታ ሐሙስን ቆረጠ፤ በኋላ ወደ ረቡዕ አመጣው። እምቢ ስትለው «ሌት ተቀን የደከምኩት ላንቺ ጥሩ ባል ለማግኘት ነው» ብሎ ጮኸባት፤ ካላገባሽ መንገድ ላይ ለምነሽ ሙቺ አላት። እናቷ ዘንድ ብትሄድ «አታናግሪኝ» አለቻት።

ከእነዚህ ሁሉ የሁለቱ ፍቅር በምን ተለየ? ሲገናኙ የተለዋወጡት የመጀመሪያ ንግግር ሲደመር አንድ ሙሉ ባለ 14 መስመር ሶኔት ነው። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይቀበላል። ሌሎቹ ስለ ጁልየት ይወስናሉ፤ ሮሚዮ ከጁልየት ጋር ያወራል። እርግጥ እነሱም ቸኩለዋል፤ እሷ ራሷ ገና በመጀመሪያው ሌሊት ነገሩ እንደ መብረቅ ድንገተኛ ሆነብኝ ብላ ፈርታ ነበር።

ይህን ሁሉ ማሰብ የጀመርኩት መጽሐፍ አገላብጬ አይደለም። ልጄ እኔ የመረጥኩላትን ትምህርት ትታ ሌላ ልትማር እንደምትፈልግ የነገረችኝ ዕለት ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሌት ተቀን የለፋሁት ለማን ሆነና ነው?» አልኳት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የት እንደማውቀው ትዝ አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ክፍል ውስጥ እያነበብኩ «ተመልከቱ ይህን ጨካኝ አባት» ስል የኖርኩት ሰውዬ እኔው ሆኜ ቁጭ! ልጄ ወደ እናቷ ዞረች፤ እናቷ መሬት መሬት ታያለች።

ተውኔቱ ሲያልቅ ሁለቱ አባቶች ይታረቃሉ። አንዱ ለሌላው ልጅ የወርቅ ሐውልት ሊያቆም ቃል ይገባል። ተማሪዎቼን «ዕርቁ መጣ» እያልኩ አስተምሬያቸዋለሁ። አሁን ሳነበው ግን ሐውልቱ ያበሳጨኛል። ልጅቷ በሕይወት ሳለች የጠየቀችው ወርቅ አልነበረም፤ ተንበርክካ አንዲት ቃል ብቻ እንዲሰማት ነበር የለመነችው።

በማግስቱ ልጄን ቡና ጋበዝኳትና «እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አልኳት። ትንሽ ፈራ ተባ አለች። ከዚያ ጀመረች።