ከክራር ወደ መድረክ፤ ወይዘሮ አስናቀች ወርቁና የሴት ድምፅ በኢትዮጵያ ቴአትር

መነሻ

ይህን አጭር ጥናት እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የሳቅ ነገር ነው። በተማርንበት የሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በየዓመቱ ለልደት በዓል ትንሽ ቴአትር ይታይ ነበር። ትምህርት ቤቱ የወንዶች ብቻ ስለ ነበረ የሴት ቦታ ሁሉ የሚያዘው በወንድ ልጅ ነው። አንድ ዓመት ሄሮድስ የቤተ ልሔምን ሕፃናት ባስፈጀ ጊዜ ልጇን ያጣችውን እናት የመሆን ዕጣ ለእኛ ደረሰ። ነጠላ ተከናንበን፣ ድምፃችንን አቅጥነን ወጣን። እንባ ይመጣበታል ባልነው ስፍራ ግን ተመልካቹ ሁሉ ሳቁን ለቀቀው።

ሳቁ ከክፋት የመጣ አልነበረም። ሰው ያየው ልጇን ያጣች እናት ሳትሆን ነጠላ የለበሰ የክፍል ጓደኛውን ስለ ሆነ ነው። በኋላ የአገራችንን የቴአትር ታሪክ ስናነብ የሴት ገጸ ባሕርይ ሁሉ በወንድ ይታይ የነበረበት ዘመን እንደ ነበረ ተረዳን። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ተነሣብን፤ ይኸውም የሴት ኀዘን በኢትዮጵያ መድረክ ላይ ሳቅ ሳያስከትል መሰማት የጀመረው በማን ነው? ይህንንስ ያደረገችው ሴት ሙያውን ከየት አገኘችው? የሚል ነው።

መልሱን ለመፈለግ የወይዘሮ አስናቀች ወርቁን ሕይወት መርጠናል። ለዚህም ስለ ቴአትር ታሪካችን የተጻፈውን፣ ስለ ወይዘሮ አስናቀች ሕይወት የተነገረውን፣ እንዲሁም በምንኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ከአንዳንድ አዛውንት የሰማነውን አስተባብረን ለማቅረብ ሞክረናል።

ሴት ያልነበረበት መድረክ

ዘመናዊ የሚባለው የኢትዮጵያ ቴአትር መጀመሪያ በ1913 ዓ.ም. ግድም በሩሲያ የተማሩት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፉት የአውሬዎች ኮሜዲያ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በዚያ ቴአትር ላይ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው፤ የሚነቀፈው ግን የሰው አስተዳደር ነበር። ነገሩ በንግሥት ዘውዲቱ ቤተ መንግሥት ቅሬታ ስላስነሣ ተከለከለ፤ ቴአትርም ለጥቂት ዓመታት ተዳፍኖ ቆየ።

እንደ ገና ሲያንሠራራ ማደሪያው ትምህርት ቤት ሆነ። የቅኔው ሊቅ ዮፍታሔ ንጉሤና ሌሎች መምህራን ተውኔት እየጻፉ ተማሪዎቻቸውን ያሠለጥኑ ነበር። ተማሪዎቹ ወንዶች ስለ ነበሩ የእናትም፣ የሚስትም፣ የንግሥትም ቦታ የሚሸፈነው በእነሱ ነው። ዮፍታሔ ከጻፏቸው ተውኔቶች አንዱ «አፋጀሺኝ» ይባላል። ርእሱ ራሱ ሴትን ፊት ለፊት የሚጠራ ነው፤ በዘመኑ ግን በዚያ ስም ተጠርታ በመድረክ ላይ አቤት የምትል ሴት ማግኘት ቀላል አልነበረም።

ይህ የእኛ አገር ጉድለት ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ሴቶች በሕዝብ ቴአትር መታየት የጀመሩት እ.ኤ.አ. ከ1660 ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት የሼክስፒር ሴቶች ሁሉ በወጣት ወንዶች ይታዩ ነበር። በጃፓን ደግሞ ነገሩ በተቃራኒው ሆነ። ካቡኪ የተባለውን ቴአትር እ.ኤ.አ. በ1603 ግድም የጀመረችው ኦኩኒ የተባለች ሴት ስትሆን፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1629 ሴቶችን ከመድረኩ አገደ። ከዚያ በኋላ የሴት ቦታ ለወንዶች ተላለፈ።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊቀርብብን ይችላል። በእነዚያ አገሮች ወንዶች ሴት ሆነው ሕዝብን አስለቅሰዋልና ወንድ የሴትን ኀዘን ሊያሳይ አይችልም ማለት ስሕተት ነው የሚል። ተቃውሞው እውነት አለበት። ነገር ግን የለንደኑም ሆነ የጃፓኑ ወንድ ከልጅነቱ ጀምሮ ለዚሁ ሙያ የሠለጠነ ነበር። የእኛው ግን ለበዓል ቀን ነጠላ የተዋሰ ተማሪ ነው። ስለዚህ በእኛ መድረክ ላይ ሴት ብዙ ጊዜ መሳቂያ ብትሆን የሚያስደንቅ አይደለም።

ሴቶች ወደ መድረክ ያልወጡበትን ምክንያት ስንመረምር አንድ ቃል በየአቅጣጫው እናገኛለን፤ እሱም «አዝማሪ» የሚለው ነው። አዝማሪ የሚወደድና የሚናቅ ሰው ነው። ግጥሙን ሁሉ ያደንቃሉ፤ ልጁን ለልጃቸው የሚያጩ ግን ጥቂቶች ናቸው። በሕዝብ ፊት ለገንዘብ የሚጫወት ሁሉ በዚህ ስም ይጠራ ስለ ነበረ፣ ክብሩን የሚጠብቅ ቤተ ሰብ ሴት ልጁን ለቴአትር አይሰጥም ነበር።

ሆኖም የሴት ድምፅ በአደባባይ ከቶ አይሰማም ነበር ማለት አይቻልም። በሠርግ የምታዘፍነው ሴት ናት። በለቅሶ ቤትም ሙሾ አውራጇ ሴት ብዙውን ጊዜ የመላውን ለቀስተኛ ልብ ይዛ ታለቅሳለች፣ ታስለቅሳለች። ይህን ማንም ነውር አላለውም። እንግዲህ ነውር የተባለው ድምፁ ሳይሆን በማያውቁት ሰው ፊት፣ በዋጋ መሆኑ ነው። ይህን መለየት ለቀጣዩ ሐተታችን አስፈላጊ ነው።

አስተዳደግና ክራር

ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ የተወለዱት በ1927 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ነው። ይህ ዘመን የሀገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተበት፣ የጣሊያንም ወረራ የተቃረበበት ነበር። ስለዚህ የልጅነታቸው መጀመሪያ በጠላት ዘመን ዐለፈ። እናታቸውን ገና በሕፃንነታቸው በሞት አጥተው በሌላ ሰው እጅ አደጉ።

ከዚህ ተነሥተን አንድ ግምት እናቀርባለን፤ ግምት መሆኑንም አንባቢ ይያዝልን። በዚያ ዘመን መድረክ ያገኛቸው ሴቶች ስማቸውን የሚጠብቅላቸው ትልቅ ቤት የነበራቸው አይደሉም። እናት ያላት ልጅ «ስማችንን አታስጠሪ» ትባላለች። ያለ እናት ያደገች ልጅ ግን ስሟን ራሷ ማውጣት ይኖርባታል። የቤት ጥበቃ ማጣት ክፉ ነገር ሳለ ለአገራችን ቴአትር በር የከፈተው ይኸው ማጣት ሳይሆን አይቀርም።

ወይዘሮ አስናቀች ገና በወጣትነታቸው ክራር ያዙ። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታር ያለው፣ ከበገና ያነሰ መሣሪያ ነው። በገና የዳዊት ነው ተብሎ ለምስጋናና ለንስሓ ሲከበር፣ ክራር የፍቅርና የዘፈን፣ አንዳንዴም የሰይጣን መሣሪያ እየተባለ ሲነቀፍ ኖሯል። ስለዚህ አንዲት ወጣት ክራር ስትይዝ ከዘፈን ጋር ሐሜቱንም አብራ መያዟ ነበር።

ለተዋናይነት ግን ክራር ትምህርት ቤት ነው እንላለን። አንደኛ፣ የክራር ዘፋኝ በሰው መካከል ተቀምጣ የምትጫወት ስለ ሆነች የሰሚውን ዐይን በቅርብ እያየች መናገርን ትማራለች። ሁለተኛ፣ አውታሩ ሲመታ ድምፅ፣ ድምፅ ሲያርፍ አውታር ስለሚናገር ዝምታ ከንግግር እኩል መሆኑን ታውቃለች። ሦስተኛ፣ ግጥሙ ሰምና ወርቅ ያለው በመሆኑ አንድን ቃል ሁለት ፍች ይዞ እንዲሰማ አድርጋ መናገር ይኖርባታል፤ ተዋናይም የምትፈልገው ይህንኑ ነው። አራተኛውና ዋናው፣ የክራር ዘፋኝ «እኔ» ብላ ትዘፍናለች። ናፈቅሁ፣ ተከዳሁ፣ ወደድሁ ትላለች። ስለ ሴት ሌላ ሰው እንዲናገርላት አትጠብቅም።

ወይዘሮ አስናቀች ትዝታንና ሌሎቹን ቅኝቶች ሲጫወቱ ግጥም በቦታው በማፍለቅ ይታወቁ ነበር። ድምፃቸው ጩኸት የለበትም፤ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚነገር ወሬ የቀረበ ነው።

በቴአትር ቤት

በ1945 ዓ.ም. ወይዘሮ አስናቀች በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት «የፍቅር ጮራ» በተባለው ቴአትር ታዩ። በዚህም ምክንያት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ተዋናይት እየተባሉ ይጠራሉ። ሰላማዊት ገብረ ሥላሴም ከቀደምቶቹ ተዋንያት ተርታ ስማቸው የሚነሣ ነው። ማን በስንት ቀን ቀደመ እያልን መከራከሩ ብዙ የሚጠቅም አይመስለንም። የሚጠቅመው ከዚያ ጊዜ በኋላ ወንድን ነጠላ አልብሶ ሴት ማለት እየቀረ መሄዱን ማወቅ ነው።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ተመረቀ። ወይዘሮ አስናቀችም ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ብሔራዊ ቴአትር በተባለው በዚሁ ቤት ረጅም ዘመን አገልግለዋል። በዚያን ጊዜ የቴአትር ቤት ሠራተኛ ሥራው አንድ ብቻ አልነበረም። የዛሬዋ ተዋናይት ነገ ዘፋኝ፣ ከነገ ወዲያ ተወዛዋዥ ትሆናለች። ወይዘሮ አስናቀች ክራራቸውን ሳይተዉ ተዋናይት የሆኑት ቤቱ ሁለቱንም ስለሚፈልግ ጭምር ነው።

እዚህ ላይ ለታሪክ ተማሪ የሚያሳዝን ነገር አለ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. በሸክላ የተቀዳው ዘፈናቸው ተርፏል። እ.ኤ.አ. በ2003 በፈረንሳይ አገር በሚታተመው «ኢትዮጲክስ» ዐሥራ ስድስተኛ ቅጽ «የክራሯ እመቤት» በሚል ርእስ ወጥቶ በዓለም ዙሪያ ተሰማ። የመድረክ ሥራቸው ግን መጋረጃው ሲዘጋ አብሮ ተዘጋ። ስለዚህ የውጭ ሰው የሚያውቃቸው በክራር ነው፤ ተዋናይቱን የሚያውቀው በዚያ ዘመን አዳራሽ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። እሱም እያለቀ ነው።

በኋለኛው ዘመናቸው ታመው ከመድረክ ርቀው ሳሉ ሕይወታቸውን ወደ ኋላ ተመልክተው ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የቀረበው የራሔል ሳሙኤል «አስኒ» የተባለው ዘጋቢ ፊልምም ስለ እሳቸው የተሠራ ነው። ወይዘሮ አስናቀች ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በመስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፉ።

በኮልፌ የሰማነው

ኮልፌ ከቴአትር ቤቶቹ ርቆ በምዕራብ ያለ ሰፈር ስለ ሆነ ከአዛውንቱ ብዙዎቹ ቴአትርን ያወቁት አዳራሽ ገብተው ሳይሆን በሬዲዮና በወሬ ነው። ያነጋገርናቸው ወንዶች «አስናቀች» ሲባል ወዲያው ስለ መልካቸውና ስለ ክራራቸው ያወሩ ነበር። ሴቶቹ ግን ቀድመው የሚጠይቁት ሌላ ነው፤ «ቤተ ሰቧ ምን አለ?» ይላሉ።

በአየር ጤና አካባቢ የሚኖሩ አንዲት እናት፣ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን አንጠቅሰውም፣ በወጣትነታቸው በሠርግ አዝፋኝ፣ በለቅሶ ሙሾ አውራጅ እንደ ነበሩ ነገሩን። አንድ ጊዜ ማዘጋጃ ቤት ዘፋኝ ይፈለጋል ሲባል ሰምተው ለአባታቸው ቢነግሯቸው አባታቸው አንድ ሳምንት ሙሉ ሳያናግሯቸው ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አልተነሣም። የወይዘሮ አስናቀችን ክራር የሚሰሙት ከጎረቤት ሬዲዮ ነበር።

እኛም «እማማ፣ ዛሬ የልጅ ልጅዎ ተዋናይት ልሁን ብትል ይፈቅዳሉ?» ብለን ጠየቅናቸው። «መጀመሪያ ትምህርቷን ትጨርስ» አሉን። ቡናው ሁለተኛው እስኪወርድ ድረስ ዝም አሉ። ቀጥለውም «እኔ ፈርቼ ቀረሁ ልጄ፤ እሷም ሳትፈራ አልቀረችም፤ ግን ሄደች» አሉ። ሳንጠይቃቸውም ሲኒያቸውን አስቀምጠው ድሮ ለአንድ ጎረቤት ልጅ ያወረዱትን ሙሾ ዝቅ ባለ ድምፅ አሰሙን። በቤቱ ውስጥ ልጆች ነበሩ። አንድም የሣቀ አልነበረም።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ካየነው ሦስት ነገር እንረዳለን። አንደኛ፣ የኢትዮጵያ ቴአትር የመጀመሪያ ተዋናይቶቹን ያገኘው ከትምህርት ቤት ሳይሆን ሲንቀው ከኖረው ከአዝማሪ ጥበብ ነው። ሁለተኛ፣ ሙያው በሴቶች ዘንድ አስቀድሞ ነበረ፤ የጎደለው ነውሩን የሚሸከም ትከሻ ነው። ሦስተኛ፣ ወይዘሮ አስናቀች ነውሩን ተሸክመው ስለ ሄዱ ከ1970ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ሴቶች ልጆች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቴአትርን ተምረው በዲግሪ ለመመረቅ በቅተዋል።

ይሁን እንጂ ያነጋገርናቸው እናት መልስ እንደሚያሳየው የአዝማሪ ስም ፈጽሞ አልጠፋም። የእኛም ቤት ከዚህ ነጻ አይደለም። ታናሽ እኅታችን ባለፈው ዓመት ወደ ቴአትር ትምህርት ልግባ ባለች ጊዜ ከቤቱ ሁሉ ቀድመን የተቃወምን እኛው ነበርን። ይህን ጥናት ስንጀምር ነገሩን ከነገሩ አላገናኘነውም፤ ስንጨርስ ግን ሳንጽፈው ማለፍ አልቻልንም።

በየሰፈሩ ያሉ አዝፋኞችና ሙሾ አውራጆች ከማለፋቸው በፊት፣ የጥንቱን ቴአትር በዐይናቸው ያዩ ሰዎችም ትዝታቸውን ይዘው ከመሄዳቸው በፊት፣ ጓደኞቻችን በየሰፈራቸው ድምፃቸውን እንዲቀዱና ቃላቸውን እንዲጽፉ እንጠይቃለን። መምህራኖቻችንም በዚህ ጽሑፍ የሚታረም ነገር ቢያገኙ በማስረጃ እንዲያርሙን በትሕትና እናሳስባለን።