ሌሊቱ ቀን የሆነበት ሰፈር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሲቋቋም አውሮፕላኖቹ የሚነሱት ከልደታ ሜዳ ነበር። በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 ጄቶች ሲመጡ ልደታ አልበቃቸውም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለች ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ ጄት ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ያ መንደርደሪያ ቦሌ ላይ ተሠራ። የሌሊት ሥራም አብሮት ወደ ሰፈራችን ገባ።

አባቴ ያሳደገን በዚያ ሥራ ነው፤ የሃንጋር መካኒክ ነበር። አውሮፕላን ቀን ሲበር ይውልና ፍተሻውና ጥገናው በአብዛኛው ሌሊት መሬት ላይ ሲሆን ይከናወናል። ስለዚህ ሰው ራቱን በልቶ ሲተኛ አባቴ ሰርቪስ ይሳፈራል፤ ጠዋት እኛ ደብተር ይዘን ስንወጣ እሱ ይገባል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው ከተማውን ጭጭ ሲያሰኘው እንኳ እሱ የሚሠራበት ሃንጋር መብራቱ አይጠፋም ነበር። እናቴ የመኝታ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ትጋርዳለች፤ በዳር በኩል የምትሾልከውን ጨረር ሳይቀር በጨርቅ ትወትፋታለች። እኛ ልጆቹ ግቢ ውስጥ በሹክሹክታ እንጫወታለን። እንቅልፍ ግን እሺ አይለውም። «ሰውነቴ ደክሟል፤ ዓይኔ ግን ነግቷል ይለኛል» ይል ነበር።

የባዮሎጂ መምህርት ከሆንኩ በኋላ ይህን አባባሉን ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ ልክ ነበር። በዓይን ጀርባ በተነጠፈው ሬቲና ውስጥ ዶፓሚን የሚያመነጩ ጥቂት ሕዋሳት አሉ። ብርሃን ሲመጣ ዶፓሚኑን ይለቃሉ፤ ሲጨልም ይቀንሳሉ። በጨለማ ደግሞ ብርሃን ተቀባዮቹ ሕዋሳት ሜላቶኒን ይሠራሉ። ሁለቱ ቅመሞች አይስማሙም፤ አንዱ ሲያይል ሌላውን ያፍነዋል። ዶፓሚን ሲበዛ ሬቲና የሌሊት አሠራሩን ትቶ የቀኑን ይይዛል። ለደብዛዛ ብርሃን የተሠሩት ሮዶች ቦታ ይለቃሉ፤ ቀለምና ዝርዝር የሚለዩት ኮኖች ሥራውን ይረከባሉ። አባቴ ጠዋት ከሰርቪስ ወርዶ ፀሐይ ፊት ለፊቱ ስትመታው ዓይኑ ውስጥ የሚሆነው ይኸው ነበር፤ ሊተኛ እየሄደ ዓይኑ ሥራ ይጀምራል።

የሚገርመው ሬቲና ብርሃኑን ብቻ ጠብቆ አለመሥራቱ ነው። የራሱ ሰዓት አለው። እ.ኤ.አ. በ1983 ቤሻርስና ዩቮን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በእንቁራሪት ዓይን ላይ አሳዩ፤ አባቴ ያኔ ሃንጋር ውስጥ ነበር። በ1996 ቶሲኒና ሜናከር የሃምስተር ሬቲና ከአካሉ አውጥተው በሳህን ውስጥ አቆዩት። ከአንጎል ተለይቶም ሜላቶኒኑ በየዕለቱ ዑደቱን ጠብቆ ሲወጣና ሲወርድ ተመለከቱ። በ2002 ደግሞ በርሰን፣ ሃታርና ባልደረቦቻቸው ሜላኖፕሲን የተባለ ፕሮቲን የያዙ የሬቲና ሕዋሳት ብርሃንን ራሳቸው እየተቀበሉ ወደ አንጎሉ ዋና ሰዓት እንደሚያደርሱ ገለጡ። ለማየት ብቻ የተፈጠረ የሚመስለን ዓይን ጊዜም ይቆጥራል ማለት ነው።

ለእኛ አገር ሰው ይህ እንግዳ ሊሆን አይገባም። ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረን የምንቆጥር ሰዎች ነን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ረጅሙ ቀናችን ከ12 ሰዓት ተኩል ብዙም አያልፍ፣ አጭሩም ከ11 ሰዓት ተኩል አይወርድ። ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በ12 እና በ1 ሰዓት መካከል ትወጣለች። ስቶክሆልም ላይ እንዲህ ያለ አቆጣጠር በአንድ ወቅት እንኳ አይጸናም፤ ንጋቱ ይሸሻል። ቤተ ክርስቲያኑም ገበያውም ከዚህ ከማይዋልለው ንጋት ጋር ተስማምተው ኖረዋል። ያንን ስምምነት ሰፈራችን ውስጥ ያፈረሰው አየር ማረፊያው ነው፤ ይህን የምለው እንጀራዬን እያሰብኩ ነው።

ዛሬ የሌሊቱ ሥራ ከአባቴ ዘመን እጅግ ሰፍቷል። ከአፍሪካ ከተሞች ማታ የገቡ መንገደኞች ሌሊቱን ወደ አውሮፓ ይሳፈራሉ፤ ከአውሮፓ ሲበሩ ያደሩት ጠዋት ቦሌ ያርፋሉ። ሻንጣ የሚጭነው፣ ምግብ የሚያዘጋጀው፣ ታክሲ ይዞ የሚጠብቀው ሁሉ በዚያው ሰዓት ነቅቶ ነው። ገርጂ የምትኖር ጎረቤቴ ከነዚህ አንዷ ናት። ጠዋት ስትገባ ከቤቷ ጎን ያለው ግንባታ ብረት መቁረጥ ይጀምራል፤ የእሷም መስኮት ገና መጋረጃ አልተሰቀለበትም። አንድ ቀን የሺፍት ፕሮግራሟን አሳየችኝ፤ ከሌሊት ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ጠዋት ነው የሚዞረው። የሰውነት ሰዓት ከመፍጠን መዘግየት ይቀልለዋል፤ ስለዚህ ከጠዋት ወደ ማታ፣ ከማታ ወደ ሌሊት ቢዞር እንደሚሻላት ነገርኳት። ለአለቃዋ የምትሰጠውን ማመልከቻ አብረን ጻፍን፤ ስለ ሬቲናው ያለውን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ።