ከባልጩት ድንጋይ እስከ ባትሪ ድንጋይ

ሰው ከቤቱ ወጥቶ ወደ ሩቅ ስፍራ ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ዕቃ ጥቂት ነው፤ የሚሸከመው ራሱ ነውና። በቤት የሚቀመጠው ዕቃ የባለቤቱን ሀብት ሲያሳይ፥ በኪስና በመታጠቂያ የሚያዘው ግን አሳቡን ይገልጣል። ምን ያጋጥመኛል ብሎ እንደ ጠበቀ፥ ምንስ እንደ ፈራ ከዚያ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የሰው ልጅ ስለትን፥ መብራትንና ሌላውንም መሣሪያ ለዕለት መያዣ እንዴት እየመረጠ እንደ መጣ ነው። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተሰጠ መሆኑን አንባቢዎቻችን እንዲገነዘቡልን እንለምናለን።

የታሪኩ መነሻ ከአገራችን ነው። በአፋር ምድር ጎና በተባለው ስፍራ ዶክተር ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው ያገኟቸው፥ በ1997 ዓ. ም. ለዓለም የተገለጡት የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ከእነርሱም የሚበልጥ፥ 3.3 ሚሊዮን ዓመት የሚሆነው፥ በ2011 ዓ. ም. በኬንያ ሎሜክዊ ተገኝቷል። ለያዝነው ጉዳይ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው በመካከለኛው አዋሽ በቡሪ የታየው ነው። በዚያ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ያህል የሆናቸው የእንስሳት አጥንቶች የስለት ጭረትና ቅልጥም ለማውጣት የተሰበሩበት ምልክት አለባቸው፤ መሣሪያው ራሱ ግን በአጠገባቸው እምብዛም አይገኝም። በአካባቢውም ለስለት የሚሆን ድንጋይ አልነበረም። በ1999 ዓ. ም. ጥናቱን ያወጡት ሊቃውንት እንደሚሉት፥ እነዚያ ጥንታውያን ፍጡራን ስለቱን ከሌላ ስፍራ ይዘው መጥተው፥ ሥራቸውን ፈጽመው፥ መልሰው ይዘውት ሄደዋል። ድንጋይ በሌለበት ሜዳ ድንጋዩን ጥሎ የሄደ፥ በማግስቱ ባዶ እጁን ይገኛልና።

እንግዲህ መያዣ ዕቃ የሚመርጥ ሁሉ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል። አንደኛው «ምን ይሠራልኛል?» የሚል ሲሆን፥ ሁለተኛው «ሲዶለዱም ወይም ሲያልቅ በምን አድሰዋለሁ?» የሚል ነው። ሰዎች በየዘመናቱ ለመጀመሪያው ብዙ ይጨነቃሉ፤ እኛ እንደምናየው ግን ችግር ላይ የሚጥላቸው ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠውን ምስክር የሰጠን አንድ ስሙ የማይታወቅ መንገደኛ ነው። በ1991 ዓ. ም. ሴፕቴምበር 19 ቀን ሁለት ጀርመናውያን ተጓዦች በአውስትሪያና በኢጣሊያ ድንበር፥ በአልፕ ተራራ 3,210 ሜትር ከፍታ ላይ፥ ከበረዶ ውስጥ ብቅ ያለ ሬሳ አገኙ። የቅርብ ጊዜ ሟች መስሏቸው ነበር። በኋላ ሲመረመር ግን ሰውዬው ከሞተ ከ5,000 ዓመት በላይ ሆኖት ተገኘ። በአካባቢው ባለው ሸለቆ ስም ኦትዚ ብለው ጠሩት። የነገሥታት መቃብር ለሙታን የታሰበውን ዕቃ ያሳየናል፤ ኦትዚ ግን ያሳየን ሕያው ሰው በሥራ ቀን ታጥቆ የወጣውን ነው፤ ስለዚህ እንደ እርሱ ያለ ግኝት በታሪክ እምብዛም አይገኝም።

ዕቃውን እንቍጠር። የመዳብ ምሳር ነበረው። የምሳሩ መዳብ ከደቡብ ቶስካና የመጣ መሆኑ በ2017 ዓ. ም. በተደረገ ምርመራ ታውቋል፤ ይህም በዚያ ዘመን እጅግ ሩቅ ነው። እጀታው የእንጨት፥ አፎቱ ከዛፍ ልጥ የተሠራ፥ ርዝመቱ 13 ሳንቲሜትር የሆነ የባልጩት ጩቤ ነበረው። በወገቡ በታጠቀው የቈዳ ከረጢት ውስጥ የባልጩት መፋቂያ፥ መሰርሰሪያ፥ አንድ ስንጣሪ ባልጩት፥ የአጥንት ወስፌና እሳት የሚይዝ የዛፍ እንጉዳይ ተገኘ። ከዛፍ ቅርፊት በተሰፋ ዕቃም ፍምን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ ይይዝ ነበር፤ በአገራችን እናቶች ከጎረቤት እሳት በገል እንደሚጭሩት፥ እርሱም እሳቱን ከሰፈር ወደ ተራራ ያጓጕዘው ነበር ማለት ነው። ከሁሉ የረቀቀችው ግን በእንጨት ውስጥ የአጋዘን ቀንድ የተሰካባት፥ እርሳስ የምትመስል መሣሪያ ናት። እርስዋ የባልጩትን አፍ እየጫነች የምትስል ናት። ሰውዬው ሁለተኛውን ጥያቄ አልረሳውም ነበር።

ሆኖም መሳያው ያለ ድንጋይ ብቻውን ምን ይረባል! በ2018 ዓ. ም. የወጣው ጥናት የባልጩቶቹን አፍ በማጉሊያ መርምሮ፥ ሁሉም ደጋግመው ተስለው ሊያልቁ የተቃረቡ መሆናቸውን ገለጠ። የጩቤው ጫፍ ተሰብሯል። በኰረጆው ከነበሩት 14 ፍላጻዎች ውስጥ 12ቱ ያልተጨረሱ ናቸው፤ ቀስቱም ገና እየተጠረበ ነበር። ባልጩቱ የሚመጣው ከደቡብ፥ ብዙ መንገድ ርቆ ካለው ስፍራ ስለ ነበረ፥ መንገደኛው ለረጅም ጊዜ አዲስ ድንጋይ ሳያገኝ እንደ ቈየ ሊቃውንቱ ይገምታሉ። በዚህ ሁኔታ ሳለ ከኋላው በተወረወረ ፍላጻ ግራ ትከሻው ተወግቶ ሞተ። የተሟላ ትጥቅ ቢኖረው ይድን ነበር ለማለት አንደፍርም። ነገር ግን ጠላት ሲከተለው በእጁ የነበረው ስለት ሁሉ በማለቅ ላይ ነበር።

በኮንሶና በጋሞ ምድር ቈዳ የሚፍቁ ባለሙያዎች በድንጋይ ስለት ሲሠሩ በእኛ ዘመን ታይተዋል፤ እነርሱም መፋቂያውን እየሳሉ እየሳሉ፥ ሲያጥርና ለመያዝ ሲያስቸግር ይጥሉታል። የኦትዚን ከረጢት የሚያይ የእነርሱን ሥራ ያስታውሳል።

ብረት ሲመጣ ነገሩ ተለወጠ። የብረት ካራ የሚሳልበት ድንጋይ በየወንዙ ዳር ይገኛል፤ ስለቱም ሲዶለዱም እንጂ ቶሎ አያልቅም። የአገራችን መንገደኛ በካራው ላይ ጨምሮ ወረንጦ መያዙን የሚያቃልሉ አሉ፤ እኛ ግን ብልህ ምርጫ ይመስለናል። ሰይፍ በዓመት አንድ ቀን ቢያስፈልግ፥ በባዶ እግሩ እሾህ በበዛበት አገር ለሚሄድ ሰው ወረንጦ በየቀኑ ያስፈልገዋል፤ ለማደስም ምንም አይጠይቅም።

በፈረንሳይ አገር በሳቧ የሚኖረው ዮሴፍ ኦፒኔል በ1890 ዓ. ም. ለገበሬ የሚሆን እጀታው የእንጨት የሆነ ሰንጢ ሠራ። ጥቂት ቈይቶ ከ1 እስከ 12 ቍጥር የተሰጣቸው ልዩ ልዩ መጠኖች አወጣ። በ1930ዎቹ ግን ቍጥር 1 እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ፥ ቍጥር 11ም ከጎረቤቶቹ ስለማይለይ ሁለቱ ቀሩ። ከሁሉ በላይ የተወደደው ቍጥር 8 ነው፤ እርሱም የሰው መዳፍ የሚሞላ መጠን ነው።

የስዊስ ወታደር ሰንጢ ታሪክ ደግሞ ከጠመንጃ ይነሣል። በ1889 ዓ. ም. የስዊስ ሠራዊት አዲስ ጠመንጃ ተቀበለ፤ ጠመንጃው ለመፈታት ካቻቢቴ ይፈልጋል። ወታደሩ ካቻቢቴ ለብቻ፥ ካራ ለብቻ፥ የጣሳ መክፈቻ ለብቻ ከሚሸከም፥ ሁሉም በአንድ እጀታ እንዲሆኑለት ተወሰነ። ስለት፥ ወስፌ፥ የጣሳ መክፈቻና ካቻቢቴ፤ ሌላ ምንም አልነበረውም። የመጀመሪያዎቹ ሰንጢዎች በጀርመን አገር በዞሊንገን ተሠሩ። በኢባኽ መንደር ከ1884 ዓ. ም. ጀምሮ የስለት ሥራ ያቋቋመው ካርል ኤልሰነር ይህ ሥራ በአገሩ እንዲሠራ ብሎ ሌሎች ባለሙያዎችን አስተባበረ፤ ነገር ግን ጀርመኖቹ በዋጋ ስላሸነፏቸው ባልንጀሮቹ ተዉት፥ እርሱም በዕዳ ተዘፈቀ። ያዳነው የዘመዶቹ እርዳታና በ1897 ዓ. ም. ያስመዘገበው ቀለል ያለ የመኰንን ሰንጢ ነው። ሠራዊቱ ለመኰንኖቹ በይፋ አላደለውም፤ በገንዘባቸው እየገዙ ያዙት እንጂ። ከዚህ ብልሃት የተነሣ በ2000ዎቹ ዓመታት አንድ የስዊስ ፋብሪካ 87 መሣሪያ ያለው፥ ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰንጢ እስከ ማውጣት ተደረሰ። ይህ ለመስኮት ጌጥ ካልሆነ በቀር የትኛውም ኪስ የሚችለው አይደለም።

በሰንጢ ላይ የጎደለውን ጕጠት የጨመረው አሜሪካዊው ቲም ሌዘርማን ነው። በ1975 ዓ. ም. በአሮጌ ፊያት አውሮፓን ሲዞር መኪናው በየመንገዱ ሲበላሽ ሰንጢው አልበቃ አለው፤ በ1983 ዓ. ም. በጕጠት ላይ ስለትና ካቻቢቴ የታጠፈበትን መሣሪያ ለገበያ አቀረበ።

ወደ መብራት እንለፍ። ፈሳሽ የሌለበትን ደረቅ ባትሪ ጀርመናዊው ካርል ጋስነር በ1880ዎቹ ባይሠራ ኖሮ መብራትን በኪስ መያዝ ባልተቻለ ነበር። በ1899 ዓ. ም. ጃንዋሪ 10 ቀን ዴቪድ ሚሰል የተባለ በኒውዮርክ የሚኖር እንግሊዛዊ የእጅ መብራት የፈጠራ መብት አገኘ። ድንጋዮቹ በወረቀት ቱቦ ውስጥ ተሰልፈው፥ በጫፋቸው አምፖልና የነሐስ አንጸባራቂ ነበረ። የፈጠራ መብቱን የያዘው ከሩሲያ ግዛት የተሰደደው የኮንራድ ሁበርት ድርጅት ነው። ያን ጊዜ ድንጋዩ ደካማ፥ አምፖሉም በላተኛ ስለ ነበረ ያለ ማቋረጥ ሊበራ አይችልም፤ ብልጭ አድርጎ ማጥፋት ነበር። በእንግሊዝኛ እስከ ዛሬ «የብልጭታ መብራት» የሚል ስም የቀረለት በዚህ ምክንያት ነው።

የእኛ ሕዝብ ግን ሌላ ስም ሰጠው። መብራቱን «ባትሪ» አለው፤ በውስጡ የሚገባውንም «የባትሪ ድንጋይ» ብሎ ጠራው። የውጭ አገር ቋንቋ ዕቃውን በሚሠራው ሥራ ሲሰይመው፥ አማርኛችን በሚመገበው ነገር ሰየመው። ባልጩት አልቆበት በተራራ ላይ የቀረውን ሰው ለሚያስብ፥ ድንጋይ የሚለው ቃል እንዲያው በከንቱ የመጣ አይመስለውም። በገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ባትሪው ብሩህ ከመሆኑ ይልቅ ድንጋዩ በመንደሩ ሱቅ መገኘት አለመገኘቱ ያሳስበዋል።

በ1991 ዓ. ም. ደጋግሞ የሚሞላው የሊቲየም ባትሪ ለገበያ ወጣ። በ1993 ዓ. ም. ሹጂ ናካሙራ ብሩህ ሰማያዊ ዲዮድ ሠራ፤ ነጭ ብርሃን የሚሰጡት ትንንሽ መብራቶች ከዚያ የመጡ ሲሆን፥ እርሱና ኢሳሙ አካሳኪ፥ ሂሮሺ አማኖም በ2014 ዓ. ም. የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። ዛሬ በገበያ ከሚታዩት ባትሪዎች ብዙዎቹ ድንጋያቸው በውስጥ የታሸገ ነው። ኤሌክትሪክ ባለበት ይሞላሉ፤ ድንጋዩ የደከመ ዕለት ግን ከነቀፎው ይጣላሉ። ድንጋዩ የሚወጣለትን መምረጥ እንደሚሻል እናምናለን።

በካርቶን ላይ የሚጻፈውም ቍጥር ትርጕም አለው። በ2009 ዓ. ም. በአሜሪካ በወጣው ደንብ መሠረት የብርሃኑ መጠን የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሴኮንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ የሚበራበት ሰዓት የሚቈጠረው ግን ብርሃኑ ወደ አንድ አሥረኛ እስኪወርድ ድረስ ነው። ስለዚህ በዚህ ደንብ የተለካ ባትሪ «500 ሉመን፥ 8 ሰዓት» የሚል ቢጻፍበት፥ 500ው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የታየ ሲሆን፥ በስምንተኛው ሰዓት መጨረሻ የሚቀረው 50 ነው። ሃምሳውም ለእግር መንገድ ይበቃል።