ልብ ወለድ ጽፋችሁ ጨረሳችሁ? ለአርታኢ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ከእኛ መካከል አንዷ የመጀመሪያ ረቂቋን ለአርታኢ ስትሰጥ ሙሉ ክፍያውን በቴሌብር ቀድማ ላከች። ከ2 ወር በኋላ ፋይሉ ተመለሰ። የፊደል ግድፈቱ ጸድቷል፣ አራት ነጥቡም ቦታ ቦታውን ይዟል። ግን የገጠሯ እናት እንደ ዜና አንባቢ ማውራት ጀምራለች። ልጇን "ምነው ቀረህ የኔ ዓለም" ትለው የነበረችው ሴትዮ "የዘገየህበትን ምክንያት ልትነግረኝ ትችላለህ?" ስትል አገኘናት። የቱ እንደተቀየረ የሚያሳይ ምልክት ስላልነበረ 240 ገጽ መስመር በመስመር ከዋናው ጋር ማመሳከር ግድ ሆነ። ብሩማ ሄደ።

"ልብ ወለድ ጽፌያለሁ፣ አርታኢ ከየት ላግኝ?" የሚል መልእክት በኢንቦክስ ብዙ ጊዜ ይደርሰናል። ያኔ ብናውቀው ኖሮ የምንለውን ሁሉ እዚህ አስቀምጠነዋል።

በደርግ ጊዜ እንደ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ያለ ተቋም ረቂቁን ተቀብሎ ያስነብብ፣ ያሳርም፣ ያሳትም ነበር። የበዓሉ ግርማ "ኦሮማይ" በ1975 ዓ.ም. የወጣው በኩራዝ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ጀማሪ ደራሲ የሕትመቱን ወጪ የሚሸፍነው ከራሱ ኪስ ነው። ማተሚያ ቤት ደግሞ የሰጣችሁትን ነው የሚያትመው። ምዕራፍ 3 ላይ የተቀበረው አባት ምዕራፍ 11 ላይ ስልክ ቢደውል የማተሚያ ቤቱ ጉዳይ አይደለም። አንዴ 1000 ኮፒ ከታተመ በኋላ ስህተቱን የሚያገኘው አንባቢ ነው፤ እሱም ስክሪንሾት አንስቶ ይለጥፈዋል።

ችግሩ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። እኛ ሁሉንም "አርትዖት" እንላለን፤ ሥራው ግን ቢያንስ ሦስት ዓይነት ነው። አንደኛው ታሪኩን ራሱን ይመለከታል፤ መነሻው ይጎተታል ወይ፣ ገጸ ባሕሪዋ ባሏን ጥላ የሄደችበት ምክንያት ያሳምናል ወይ፣ የትኛው ምዕራፍ ቢወጣ ማንም አይናፍቀውም? እዚህ ላይ አርታኢው ረቂቁን ብዙም ሳይነካ ጥቂት ገጽ አስተያየት ጽፎ ሊሰጣችሁ ይችላል። ሁለተኛው የቋንቋ ነው፤ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይሄዳል። ሦስተኛው እርማት ነው፤ ፊደል፣ ሥርዓተ ነጥብ፣ የገጽ ቁጥር። ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው። የፊደል እርማት ከፍላችሁ ካስጨረሳችሁ በኋላ "ምዕራፍ 5 እና 6 ይውጡ" ብትባሉ ያ ብር ውኃ በላው ማለት ነው። ስለዚህ "ስንት ታስከፍላለህ?" ከማለታችሁ በፊት "የቱን ነው የምትሠራልኝ?" በሉ። "ሁሉንም በ1 ሳምንት" የሚል መልስ ከመጣ በቃ፣ ሌላ ሰው ፈልጉ።

የአማርኛ ልብ ወለድ የራሱ ጣጣዎች አሉት፤ ጥሩ አርታኢ የሚለየውም እዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ግሳችን ጾታ ያወጣል። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ልትደብቁ አስባችሁ ገጽ 20 ላይ "በሩን ከፍታ ገባች" ካላችሁ፣ የተጠርጣሪዎቹ ግማሽ እዚያው ነጻ ወጣ። አንተ፣ አንቺና እርስዎም እንደዚሁ ናቸው። ምራቷ አማቷን አንድ ቦታ "እርስዎ"፣ ሌላ ቦታ "አንቺ" ካለቻት ወይ ስህተት ነው፣ ወይ ደግሞ በመካከላቸው የሆነ ነገር ተፈጥሯል። ጎበዝ አርታኢ ዝም ብሎ አይቀይረውም፤ ዳር ላይ "ሆን ተብሎ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሰዓትም አለ፦ "3 ሰዓት" ጠዋት ነው ማታ? ፊደሉንም ተነጋገሩበት። "ፀሐይ" ወይስ "ጸሐይ"፣ "ሥራ" ወይስ "ስራ"፣ የቱን እንደምትከተሉ መጀመሪያ ካልተስማማችሁ መጽሐፉ ግማሹ በአንዱ ግማሹ በሌላው ይወጣል።

የሚወዷቸውን መጻሕፍት ገልጠው የምስጋናውን ገጽ የሚያነቡ ሰዎች አርታኢ በቀላሉ ያገኛሉ፤ ስሙ ብዙ ጊዜ እዚያ አለ። የኢትዮጵያ ደራስያን ማኅበር ጎራ ብሎ መጠየቅም አንድ መንገድ ነው። ጋዜጣና መጽሔት ላይ የሠሩ አርታኢዎችም አሉ፤ ዜና በማረም የተካነ ሁሉ ግን ልብ ወለድ ያርማል ማለት አይደለም። የኛይቱን እናት ዜና አንባቢ ያደረጋትም ይኸው ይመስለናል። የቴሌግራም ማስታወቂያ መጥፎ ነው አንልም፤ ብቻ "ከዚህ በፊት የሠራኸውን ልብ ወለድ ስም ንገረኝ" በሉና ደራሲውን ፈልጋችሁ ጠይቁ።

ከሁሉም በላይ የምንመክረው ናሙና ማሠራት ነው። ከረቂቁ መሃል፣ ንግግር የበዛበት 5 ወይም 6 ገጽ ምረጡ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ አትስጡ፤ እሱን እናንተው መቶ ጊዜ አሽታችሁታል። ለ2 ወይም ለ3 አርታኢዎች ያንኑ ክፍል ስጡ፣ ለናሙናውም መጠነኛ ክፍያ አቅርቡ፤ የሰው ጉልበት ነው። ሲመለስ የእርማቱን ብዛት አትቁጠሩ። ገጸ ባሕሪያቱ አሁንም እንደራሳቸው ያወራሉ? ያላያችሁትን ነገር አሳያችሁ? ጥያቄ ጠየቀ ወይስ ሁሉን ያውቃል? አንዳንዱ ጽሑፉን ለቻትጂፒቲ ሰጥቶ የሰው ዋጋ ይጠይቃል፤ እንደሚጠቀም ወይም እንደማይጠቀም በግልጽ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ።

ክፍያ ላይ "በገጽ" ከተባላችሁ ገጹ የቱ ነው በሉ። የፊደሉ መጠንና የመስመሩ ክፍተት ሲቀየር 200 ገጽ 300 ይሆናል። በቃላት ቁጥር መስማማት ይሻላል። የውጭ ተመን አይታችሁ ግን አትደንግጡ፣ አታወዳድሩም፦ "ስላልመጣችላቸው" በአማርኛ አንድ ቃል ነው፣ በእንግሊዝኛ ግን ዓረፍተ ነገር ሊሞላ ምንም አይቀረው። ብሩን ከፋፍላችሁ ክፈሉ፤ ሲጀመር ጥቂት፣ ግማሹ ሲደርስ ጥቂት፣ የመጨረሻው ፋይሉን ካያችሁ በኋላ።

ውል ስንል ጠበቃ ማለታችን አይደለም። ሁለታችሁም የፈረማችሁበት 1 ገጽ ይበቃል፦ የሥራው ዓይነት፣ የቃላቱ ብዛት፣ ቀኑ፣ ክፍያው፣ ስንት ጊዜ ተመልሶ እንደሚያይ፣ ረቂቁን ለሌላ ሰው እንደማያሳይ፣ መሃል ላይ ቢቋረጥ ምን እንደሚሆን። "ታሪኬን ቢሰርቀኝስ?" የሚለው ፍርሃት ብዙዎችን ይዞ አስቀምጧል። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራችሁ ወጥ ሆኖ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ጥበቃ አለው፤ መመዝገብ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። አርታኢው ስላረመውም የመጽሐፉ ባለቤት አይሆንም። ግን ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ረቂቁን ከመስጠታችሁ በፊት ለራሳችሁ ኢሜይል ላኩት፣ ቀኑ ይቀመጣል። ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሄዶ ማስመዝገብም ይቻላል።

ስለ ፋይሉም አንድ ነገር። ስልክ ላይ በቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ የጻፋችሁ ካላችሁ (እናውቃችኋለን) ሁሉንም አንድ የወርድ ወይም የጉግል ዶክስ ፋይል ውስጥ ሰብስቡት። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ፣ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይከፈታል፤ ቀድማችሁ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት። አርታኢው "ትራክ ቼንጅስ" አብርቶ እንዲሠራም ውሉ ላይ ጻፉ። ያኔ እያንዳንዱን ለውጥ አይታችሁ መቀበል ወይም መጣል ትችላላችሁ። ያን 240 ገጽ ማመሳከር ያመጣብን የዚህች አንዲት ቁልፍ አለመከፈት ነው።

አርትዖቱ አልቆ ወደ ገጽ ቅንብር ሲሄድም አላለቀም። እዚያ መስመር ይዘላል፣ አንቀጽ ይደገማል፣ ርእስ ከገጹ ግርጌ ብቻውን ይቀራል። የመጨረሻውን ፒዲኤፍ ታሪኩን ፈጽሞ ያላነበበ ሰው አንዴ ያንብበው፤ ከተቻለ በወረቀት አትማችሁ ስጡት።