የንጉሡ ጥርስና የኛ ስልክ

"ብሉቱዝህን ክፈት" ተብሎ የማያውቅ የከተማ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ዘፈኑም፣ ፎቶውም፣ የፈተና ወረቀቱም በዚያች መንገድ ሲሻገር ኖሯል። ካርድ አይቆጥር፣ ኔትወርክ አይጠይቅ። ግን "ሰማያዊ ጥርስ" ምን የሚሉት ስም ነው?

ታሪኩ የሚጀምረው በስዊድኗ ሉንድ ከተማ፣ በ1994 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በኤሪክሰን ኩባንያ ያፕ ሃርትሰን፣ በኋላም ስቬን ማቲሰን፣ ገመድን የሚተካ የአጭር ርቀት ሬዲዮ ሊሠሩ ተነሱ። ቀድሞ የነበረው ኢንፍራሬድ ሁለቱን ስልኮች ፊት ለፊት ማፋጠጥ ይፈልጋል፤ መሀል እጅ ከገባ አበቃ። ሬዲዮ ግን ከኪስም ውስጥ ይሠራል። ችግሩ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ ፈቃድ የማይጠየቅበት፣ ሁሉም የሚጋፋበት ሞገድ መሆኑ ነው። መፍትሔው መዝለል ሆነ፦ በ79 መስመሮች ላይ በሰከንድ 1600 ጊዜ።

ኤሪክሰን ይህን ለብቻው ይዞ ቢቀር ኖሮ ባለ ኤሪክሰን ለባለ ኤሪክሰን ብቻ ይልክ ነበር። በ1998 ግን ከኖኪያ፣ ከኢንቴል፣ ከአይቢኤምና ከቶሺባ ጋር ማኅበር መሠረተ፤ ቴክኖሎጂውም አባል ለሆነ ሁሉ ያለ ሮያሊቲ ክፍያ ተፈቀደ። ስሙን ያመጣው የኢንቴሉ ጂም ካርዳክ ነው። ዴንማርክን አንድ በማድረግ የሚታወቀውን የ10ኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ፣ ሃራልድ ብሉቱዝን አስታወሰ። ለጊዜው የተባለው ስም በዚያው ቀረ። ምልክቱም የንጉሡ ስም ሁለት መነሻ ፊደላት በጥንቱ የኖርዲክ ጽሕፈት ተጣምረው ነው።

አንድነቱ ግን አልዘለቀም። በ2007 የወጣው አይፎን ብሉቱዝ ነበረው፤ ፋይል ወደ ሌላ ስልክ መላክ ግን አልፈቀደም። በ2011 አፕል ኤርድሮፕን ሲያመጣ ለራሱ ቤተሰብ ብቻ አደረገው። በአንድሮይድ በኩል ያለነውም ብሉቱዝ አንድ ፊልም እስኪልክ ቡና ተፈልቶ ስለሚጠጣ፣ ስልኩ ራሱ ዋይፋይ ወደሚፈጥርባቸው ዜንደርና ሼርኢት ዞርን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የኛን ኪስ የሚነካው። አጠገባችን የተቀመጠች ባለ አይፎን ጓደኛችን ፎቶውን በቴሌግራም ስትልክልን፣ ሁለት ሜትር የማይሞላው መንገድ ባሕር ማዶ ዞሮ ይመጣል። የሁለታችንንም ካርድ በልቶ!

በኅዳር 2025 ጉግል ፒክስል 10 ስልኩን ከኤርድሮፕ ጋር ማገናኘቱን አስታወቀ፤ ያውም ያለ አፕል ትብብር። ኤርድሮፕ ከመጣ 14 ዓመት ሆኖት ነበር። በነዚህ ዓመታት ሬዲዮው በሁለቱም ወገን ስልክ ውስጥ ነበር። የጠፋው እንደ 1998ቱ ተቀናቃኞችን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ስምምነት ነው። እንግዲህ ቀጣዩን ስልክ ስንገዛ ስለ ካሜራው ከመጠየቃችን በፊት "ለማን ለማን ይልካል?" ብንልስ?