የቮልስ መስታወትና አንድ ሜዳ ሲባጎ

አዲስ አበባ ኖሮ ቮልስ ያላየ ሰው አለ ብላችሁ እንዳትነግሩን። ከመካከላችን ትምህርት ቤት በእሷ የተመላለሰ አለ፤ አልነሳ ስትል ከሰፈር ልጆች ጋር የገፋትም አይጠፋም። ስለ ሞተሯና ስለ ድምጿ ብዙ ተወርቷል። እኛ ዛሬ ስለ ፊት መስታወቷ እናውጋ። ምን ይወራለታል አትበሉ፤ የታደሰች አሮጌ መኪና ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በዚያ መስታወት ጠርዝ ላይ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በመኪና የመጀመሪያ ዘመን የፊት መስታወት ከቤት መስኮት መስታወት የተለየ አልነበረም። ግጭት ሲመጣ ስብርባሪው ራሱ ቢላ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1903 ኤድዋር ቤኔዲክተስ የተባለ ፈረንሳዊ ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ብልቃጥ ወድቆበት ተሰነጣጥቆ ሳይበታተን እንደቀረ ይተረካል። ውስጡ የደረቀ የሴሉሎስ ናይትሬት ሽፋን ስብርባሪውን ይዞት ነበር። ሰውየው በ1909 በሁለት መስታወቶች መካከል እንዲህ ያለ ሽፋን የማጣበቁን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ዛሬ ድንጋይ ሲመታው የሸረሪት ድር የሚሠራው ግን የማይረግፈው የመኪና መስታወት የዚያ ብልቃጥ የልጅ ልጅ ነው።

ወደ ቮልስ እንመለስ። ዕድሜዋን ማወቅ የፈለገ መስታወቷን ይመልከት። የኋላው እስከ 1953 መጀመሪያ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ከዚያ እስከ 1957 እንደ እንቁላል ሞላላ ሆነ፤ ቀጥሎ ሰፋ። የፊቱ ለረጅም ዘመን ጠፍጣፋ ሆኖ ኖሮ በ1964 አጋማሽ ሰፋ፣ ትንሽም ጎበጥ አለ። ስለዚህ የ1962ቷን መስታወት ለ1968ቷ ልግጠም ማለት የታናሽን ጫማ ለታላቅ እንደማጥለቅ ነው።

አገጣጠሙስ? ቮልስ ላይ መስታወቱን የሚይዘው ማጣበቂያም ብሎንም አይደለም፤ ዙሪያውን የሚታቀፈው ጎማ ነው። መጀመሪያ የላሜራው ጠርዝ ከዝገት ይጸዳል፣ ይቀባል፣ በደንብ ይደርቃል። አዲሱ ጎማ መስታወቱ ላይ ይለብሳል። ላሜራው በሚገባበት የጎማው ስንጥቅ ውስጥ ሲባጎ ዙሪያውን ይቀመጥና ሁለቱ ጫፎች ወደ መኪናዋ ውስጥ ይተዋሉ። የሳሙና ውሃ ይቀባል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ እያባበለ ይገፋል፤ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይስባል። ሲባጎው በወጣ ቁጥር የጎማው ከንፈር ላሜራውን ተሻግሮ ይነክሳል። እዚህ ላይ ጉልበት ቦታ የለውም። መስታወት ደካማ ጎኑ ጠርዙ ነውና በችኮላ የተመታ ማዕዘን ጭው ይላል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ግን ከዚህ በፊት ነው። ለቀለሙ ብዙ ብር ያወጣ ሰው ጎማው ላይ ሲደርስ እጁ ያጥራል፤ የደረቀውን አሮጌ ጎማ መልሶ ያስገጥማል። ክረምት ሲመጣ ውሃው በተሰነጠቀው ጎማ ሰርጎ ጠርዙን ያዝገዋል፣ ወርዶም ከምንጣፉ ሥር ይተኛል። ከላይ የምታብለጨልጭ መኪና ከታች ወለሏ ተበልቶ ያልቃል።

በዛሬዎቹ መኪኖች መስታወቱ በጠንካራ ማጣበቂያ ከአካሉ ጋር ይጣበቃል። የመኪናዋ ጥንካሬ አካል ስለሆነ ለደህንነት ይሻላል፤ ይህን አንክድም። ለማውጣት ግን ማጣበቂያውን መቁረጥ ግድ ነው። የቮልስ መስታወት ግን ሲሠራ ጀምሮ እንዲወጣና እንዲመለስ ታስቦ ነው፤ ሁለት ሰው፣ ሳሙናና ሲባጎ ይበቃዋል።

የመጨረሻዋ ኦሪጅናል ቮልስ እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ፑኤብላ ከሚገኘው ፋብሪካ ወጣች። ከእንግዲህ አዲስ አትወለድም፤ ያሉትን ማቆየት ብቻ ነው የቀረው። መስታወቱ ከውጭ ሊመጣ ይችላል፤ ሲባጎውን መቼ መሳብ፣ መቼ ማረፍ እንዳለበት የሚያውቀው እጅ ግን በካርቶን ታሽጎ አይመጣም። እሱን ከጋራዥ ሽማግሌዎች መማር የኛ ትውልድ ድርሻ ነው። እነሱ ሳይሸኙ እንጠይቃቸው።

ቸር ይግጠመን።