ጥቁር አሻንጉሊቶችን ስለመሰብሰብና በኢንተርኔት ሳይታለሉ ስለመግዛት

 የዛሬው ርእሴ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። አርባዎቹን የተሻገረ፣ ቀን ቀን በምሕንድስና ሥራ የሚውል የልጆች አባት፣ ማታ ማታ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ አሻንጉሊት ሲፈልግ ያመሻል ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው። እናቴ ለጥየቃ ከአዲስ አበባ የመጣች ጊዜ መደርደሪያዬን አይታ «አንተ፣ ያን ሁሉ ትምህርት የተማርከው ለዚህ ነው?» ብላኛለች። መልሱን ያኔ በቅጡ አልመለስኩላትም። እዚህ ልሞክረው።

ነገሩ የጀመረው በመታለል ነው። ሴት ልጄ አራት ዓመት ሲሞላት መልኳን የምትመስል አሻንጉሊት ልገዛላት ፈለግሁ። በአንድ የጨረታ ድረ ገጽ ላይ እ.ኤ.አ. በ1968 የተሠራች የተባለች ጥቁር አሻንጉሊት አገኘሁ። ሻጩ «ኮሚሽኑን እናድን፣ ከድረ ገጹ ውጭ እንጨርስ» ሲለኝ፣ ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ 180 ዶላር በቀጥታ ላክሁለት። አሻንጉሊቷ መጣች። ልጄ በዚያው ምሽት ገላዋን ልታጥባት ገንዳ ውስጥ ይዛት ገባች። ውኃው ቡናማ ሆነ። ለካስ ተራ ነጭ አሻንጉሊት ቀለም ተቀብታ ኖሯል! ልጄ «አባዬ፣ ቆዳዋ ለቀቀ» አለችኝ፤ ቀጥላም የራሷን ክንድ እያየች «የእኔም ይለቃል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ገንዘቡ አልተመለሰም። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። እኔን ያጋጠመኝ ሌላውን እንዳያጋጥመው፣ ከዚያ ወዲህ የተማርኩትን በአጭሩ አቀርባለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. ታሪኩ በአጭሩ

በአሜሪካ የጥቁር አሻንጉሊት ታሪክ ከፋብሪካ አይጀምርም። በ19ኛው መቶ ዘመን ጥቁር ሴቶች ከቁራጭ ጨርቅ እየሰፉ ለራሳቸው ልጆችም፣ ለሚያሳድጓቸው የነጭ ልጆችም አሻንጉሊት ይሠሩ ነበር። ዴብራ ኔፍ የተባሉ አሜሪካዊት የሰበሰቧቸው እንዲህ ያሉ የእጅ ሥራዎች በ2018 በፓሪስ፣ በ2022 ደግሞ በኒውዮርክ ለሕዝብ ታይተዋል።

ሁለተኛው ምንጭ ጀርመን ነው። እኔ የተማርኩት በቱሪንገን ነው። በተማሪነቴ በዚያው አካባቢ በአንድ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ቡናማ ፊት ያላት የፖርሴሊን አሻንጉሊት አይቼ «ይህች ደግሞ ከዚህ ምን አመጣት?» ብዬ ተገርሜ ነበር። በኋላ ስረዳ፣ ያ ምድር ራሱ የአሻንጉሊት አገር ኖሯል። ሲሞን ኡንድ ሃልቢግ፣ አርማንድ ማርሴይ፣ ሆይባኽ ኮፐልስዶርፍ የተባሉት ፋብሪካዎች ሁሉ እዚያው ነበሩ፤ በ20ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ጥቁር አሻንጉሊትም ይሠሩ ነበር። በባርነት የተወለዱት የናሽቪሉ ቄስና አሳታሚ ሪቻርድ ሄንሪ ቦይድ፣ ለጥቁር ልጆች ክብር ያለው አሻንጉሊት በአሜሪካ ቢያጡ ከጀርመን እያስመጡ የሚሸጥ ድርጅት ያቋቋሙት በዚያው ዘመን ነው።

በ1940ዎቹ የሥነ ልቡና ምሁራኑ ኬኔትና ማሚ ክላርክ፣ ከቀለማቸው በቀር አንድ ዓይነት የሆኑ ነጭና ቡናማ አሻንጉሊቶች ለጥቁር ሕፃናት እያቀረቡ «ጥሩዋ የትኛዋ ናት? አንቺን የምትመስለውስ?» እያሉ ጠየቁ። ለመጀመሪያው ጥያቄ አብዛኞቹ ሕፃናት ነጯን መረጡ። ይህ ጥናት የትምህርት ቤት የዘር መለያየትን ሕገ ወጥ ባደረገው የ1954ቱ የብራውን ችሎት ላይ ከቀረቡት ማስረጃዎች አንዱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያሉት ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው።

- 1951፦ አይዲል የተባለው ፋብሪካ ሳራሊ የተባለችውን አሻንጉሊት አወጣ። ሐሳቡ የፍሎሪዳዋ ሣራ ሊ ክሪች ሲሆን ኤሊኖር ሩዝቬልትና ደራሲዋ ዞራ ኒል ኸርስተን ደግፈውታል።
- 1967፦ ማቴል ጥቁሯን ፍራንሲ አወጣ። ፊቷ የነጯ ፍራንሲ ፊት ነው፤ የተለወጠው የቪኒሉ ቀለም ብቻ ነበር። በ1968 የባርቢ ጓደኛ ክሪስቲ ተከተለች።
- 1968፦ ከዋትስ አመፅ ማግስት በሎስ አንጀለስ የተቋቋመው የኦፕሬሽን ቡትስትራፕ ማኅበር፣ በማቴል ድጋፍ ሺንዳና የተባለ ፋብሪካ ከፈተ። ስሙ በስዋሂሊ መወዳደር ማለት ነው። የመጀመሪያዋ አሻንጉሊቱ ቤቢ ናንሲ ናት። ፋብሪካው በ1983 ተዘጋ፤ ቤቢ ናንሲ ግን በ2020 በአሜሪካ ብሔራዊ የመጫወቻዎች የክብር መዝገብ ገብታለች።
- 1980፦ ባርቢ የሚለውን ስም ራሱን የያዘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሻንጉሊት ወጣች። ንድፏን ያወጡት ጥቁር አሜሪካዊቷ ኪቲ ብላክ ፐርኪንስ ናቸው።
- 1993፦ አሜሪካን ገርል ከባርነት ያመለጠችውን የአዲ ዎከርን ታሪክና አሻንጉሊት አወጣ።

እኔ እንደ መሐንዲስ የሺንዳናን ሥራ የማደንቅበት ምክንያት አለኝ። ነጭ ፊት በቡናማ ቀለም መሥራት ቀላልና ርካሽ ነው። አፍንጫውን፣ ከንፈሩን፣ ጉንጩን ከጥቁር ልጅ ፊት ተነሥቶ አዲስ ቅርጽ ማውጫ ማሠራት ግን ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል። ሺንዳና ያንን ወጪ አወጣ። ቀለም የተቀባ ነገርና ከሥሩ የተሠራ ነገር ለየቅል ናቸው፤ ልጄም በገንዳው ውስጥ ያየችው ይህንኑ ነው።

2. ምን መሰብሰብ?

ጀማሪ ሁሉንም ልግዛ ካለ ኪሱም ቤቱም አይችለውም። አንድ መስመር ምረጡ፤ የሺንዳና ሥራዎች ብቻ፣ ወይም ከ1967 እስከ 1980 የወጡ የማቴል ጥቁር አሻንጉሊቶች፣ ወይም የእጅ ሥራ የጨርቅ አሻንጉሊት። ከመግዛት በፊት መጽሐፍ ግዙ። የማይላ ፐርኪንስና የዴቢ ጋሬት መጽሐፎች ለዚህ መስክ ዋና መመሪያዎች ናቸው።

አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ አለ። ጥቁሩን ለማላገጥ የተሠሩ፣ ዓይናቸው የፈጠጠ፣ ከንፈራቸው የተጋነነ አሻንጉሊቶችም በዚሁ ገበያ በብዛት ይሸጣሉ። የታሪክ ማስረጃ ናቸውና ይጥፉ አልልም። እኔ ግን ሁለት ብቻ አሉኝ፤ ምን እንደሆኑ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፎባቸው በሣጥን ተቀምጠዋል፣ የልጆች ክፍል አይገቡም።

3. ዕቃውን ማወቅ

ቁጥሩ አያታልላችሁ። ብዙ የማቴል አሻንጉሊቶች ጀርባ ላይ «1966» የሚል ታገኛላችሁ። ይህ የአካሉ ቅርጽ የባለቤትነት መብት የተመዘገበበት ዓመት እንጂ አሻንጉሊቷ የተሠራችበት አይደለም። ከዓመታት በኋላ የተመረቱትም ይህንኑ ቁጥር ይዘዋል። «የ1966 ብርቅዬ» የሚል ማስታወቂያ ስታዩ ሻጩ ወይ አያውቅም፣ ወይ እናንተ እንደማታውቁ ያውቃል።

ማጅራቷን ተመልከቱ። የሺንዳና አሻንጉሊቶች የድርጅታቸውን ስም የሚገልጽ ጽሑፍ ከራሳቸው ጀርባ ተቀርጾባቸው ይገኛል። የዚህን ጽሑፍ ጥርት ያለ ፎቶግራፍ ሳታዩ አትግዙ። እኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ 180 ዶላሬ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ፀጉር። የ1967ቷ ፍራንሲና የመጀመሪያዎቹ ክሪስቲዎች ጥቁር ፀጉር በዕድሜ ብዛት ወደ ቀይ ቡናማ ይለወጣል። ይህ የታወቀ የኬሚካል ለውጥ ነው እንጂ ሐሰተኛ ለመሆኗ ምልክት አይደለም። ይልቁንም ፀጉሩ እንደ አዲስ ጥቁር ከሆነ እንደገና ተተክሎ እንደሆነ ጠይቁ።

ጆሮ። ከመዳብ ቅልቅል የተሠራ የጉትቻ ሽቦ ቪኒሉን አረንጓዴ ያደርገዋል። ዋጋ ይቀንሳል፤ ስለዚህ የሁለቱንም ጆሮዎች ፎቶግራፍ ጠይቁ።

ፖርሴሊን። ከ1891 ጀምሮ ወደ አሜሪካ የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት በሕግ ታዟል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የጀርመን ስም የተጻፈበት አሻንጉሊት አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ቡናማው ቀለም በእሳት የተተኮሰ ነው ወይስ ላዩ ላይ የተቀባ? በተቀባው ላይ ፍቅፋቂና ነጭ ነጠብጣብ በአፍንጫና በጉንጭ ላይ ይታያል።

ጨርቅ። ሐሰተኛ የጨርቅ አሻንጉሊት ብዙ ጊዜ በሻይ ተነክሮ እንዲያረጅ ይደረጋል። የአልትራቫዮሌት ባትሪ ስታበሩበት ክሩ ደምቆ የሚያበራ ከሆነ ተጠራጠሩ፤ ነጭነትን የሚያጎላ ኬሚካል የቅርብ ዘመን ነገር ነው። ነገር ግን አሮጌ ጨርቅም በዛሬ ሳሙና ከታጠበ ያበራልና በዚህ ብቻ አትፍረዱ። የፖሊስተር ክር የተሰፋበት ግን የ19ኛው መቶ ዘመን ሥራ ሊሆን አይችልም።

4. ሻጩን ማወቅ

- የሸጠውን ታሪክና የገዢዎችን አስተያየት አንብቡ። መቶ አስተያየት ኖሮት ሁሉም ስለ ስልክ መያዣ ከሆነ፣ የ2,000 ዶላር አሻንጉሊት ሲሸጥ ምን ማለት ነው?
- ፎቶግራፉን በምስል መፈለጊያ ፈልጉት። ከሌላ ሰው የተሰረቀ ፎቶ ብዙ ነው። ዛሬ ደግሞ በኮምፒዩተር የተፈጠረ ምስልም አለ። የዕለቱን ቀን በወረቀት ጽፎ ከአሻንጉሊቷ ጎን አስቀምጦ ፎቶ እንዲያነሣ ጠይቁ። እውነተኛ ሻጭ አይቆጣም።
- «ታድሳለች? ተቀብታለች? የሲጋራ ሽታ አላት?» ብላችሁ በድረ ገጹ የመልእክት ሣጥን በኩል በጽሑፍ ጠይቁ። መልሱ ነገ ማስረጃችሁ ነው።
- የተጠየቀውን ዋጋ ሳይሆን የተሸጡ ዕቃዎችን ዋጋ ተመልከቱ። ኢቤይ ይህን ለይቶ ያሳያል። መጠየቅማ ማንም ይጠይቃል።
- የመጨረሻ ዋጋችሁን ጨረታው ሳይሟሟቅ በወረቀት ጻፉት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ የሚወሰን ዋጋ የንዴት ዋጋ ነው።

5. አከፋፈል

ዋናው ሕግ አንድ ነው፤ ከድረ ገጹ አትውጡ። ከወጣችሁ የድረ ገጹ ዋስትና አብሮ ይቀራል። የኢቤይ የገንዘብ ተመላሽ ዋስትና ዕቃው ከደረሰበት ወይም ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን አንሥቶ 30 ቀን ነው። በፔይፓል ለዕቃ ግዢ ተብሎ የተከፈለ ገንዘብ ላይ እስከ 180 ቀን ድረስ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ «ለወዳጅና ለቤተሰብ» ተብሎ የተላከ ግን ይህ መብት የለውም። ሻጭ በዚህ መንገድ ላኩልኝ ካለ ንግግሩ እዚያው ያብቃ። የስጦታ ካርድና የሐዋላ ክፍያም እንዲሁ።

በተቻለ መጠን በክሬዲት ካርድ ክፈሉ። በአሜሪካ ሕግ፣ ያልደረሰ ዕቃ የተከፈለበትን ሂሳብ መግለጫው ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ። በእንግሊዝ አገር ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 ፓውንድ ለሆነ ዕቃ የካርዱ ባንክ ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ከነጋዴ በኢንተርኔት የተገዛን ዕቃ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ይፈቀዳል፤ ከግለሰብ የተገዛን ግን አይመለከትም።

6. ማጓጓዝና ቀረጥ

የመከታተያ ቁጥርና ኢንሹራንስ ያለው መላኪያ ምረጡ። ሣጥኑን ስትከፍቱ ከመጀመሪያው ቪዲዮ አንሡ። ቀረጥንም አትርሱ። ወደ አሜሪካ እስከ 800 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ያለ ቀረጥ ይገባ የነበረው በኦገስት 2025 ታግዷል። በአውሮፓ ኅብረት ከጁላይ 2021 ጀምሮ ከውጭ በሚመጣ ትንሽ ዕቃ ላይም ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፈላል። በሌላ አገር ያላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የአገራችሁን ጉምሩክ ጠይቁ፤ የ60 ዶላር ዕቃ በር ላይ ሲደርስ 100 እንዳይሆንባችሁ።

7. አቀማመጥ

ቪኒል ውስጥ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል በሙቀት ወደ ላይ እየወጣ ዕቃውን ያጣብቃል። ስለዚህ ከፀሐይና ከሙቀት አርቁ፤ በተዘጋ ላስቲክም አትጠቅልሉ፤ አሲድ በሌለበት ወረቀት ይበቃል። የብረት ጉትቻዎችን አውልቃችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ቀለም ስትጠራጠሩ በማይታይ ቦታ ላይ በትንሹ በረጠበ ጥጥ ሞክሩ፤ አሴቶን ግን ቪኒሉን ያበላሻልና በጭራሽ አትንኩ።

ያቺ ቀለሟ የለቀቀ አሻንጉሊት አሁንም መደርደሪያዬ ላይ ናት። ባለቤቴ ጣላት ብትለኝም አልጣልኳትም። አጠገቧ ከሁለት ዓመት በኋላ ማጅራቷን አይቼ፣ ጠይቄ፣ በካርድ ከፍዬ የገዛኋት ቤቢ ናንሲ ተቀምጣለች። ቤቢ ናንሲ የመጣች ዕለት ልጄ በቀጥታ ወደ መታጠቢያ ቤት ይዛት ሄደች። እኔም ከልክዬ አላስቀረኋትም። እርጥብ ፎጣ ይዛ ክንዷን ደጋግማ ጠረገች፤ ፎጣውን አየች፤ ከዚያ «ይህቺስ እውነተኛ ናት» ብላ አቅፋት ወጣች። አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው፤ አዲስ ዕቃ ሲመጣ ማጉያ መነጽሩን ከእጄ ነጥቃ ማጅራቱን የምታነበው እሷ ናት።

እናቴ ለጠየቀችኝ መልሴ ይኸው ነው። ቸር ይግጠመን!